አስታማሚዪቱ በረካ ሐበሻዊት

ሰው ሲታመም አስቀድሞ የሚፈልገው ፈውስን ነው፤ ፈውስ ካልተገኘለት ግን የሚፈልገው ሰውን ነው። ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ከሄደ በኋላ፥ ጠያቂውም ምሕረቱን ተመኝቶለት ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፥ በአልጋው አጠገብ የሚቀር አንድ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ አማርኛ ማስታመም ይለዋል። ማስታመም ከማዳን የተለየ ነገር ነው፤ ቃሉ ራሱ ሕመምን በውስጡ እንደ ያዘ፥ አስታማሚም የሕመምተኛውን ረጅም ሌሊት አብሮት የሚያነጋ ነው። ለማይድን ሕመምተኛ የሚደረገው እንክብካቤ ዛሬ በብዙ አገር ሆስፒስ ተብሎ ራሱን የቻለ ሞያ ሆኗል። ነገር ግን ይህ ሞያ ስምና ሥርዐት ከማግኘቱ ከ1300 ዓመት በፊት፥ ትውልዷ ከሐበሻ ምድር የሆነ አንዲት ሴት ከመካ ቤቶች በአንደኛው ውስጥ ከሚሞቱት ሳትለይ፥ የቀሩትንም ስታሳድግ ኖራለች።

የዚህች ሴት ስም በረካ ነው፤ ትርጓሜውም በረከት ማለት ነው። በታሪክ ይበልጥ የታወቀችው ግን በበኵር ልጇ ስም ኡም አይመን ተብላ ነው፤ ይህም የአይመን እናት ማለት ነው። ታሪኳን ጽፈው ያቈዩት ከእርሷ በኋላ የተነሡ የዐረብ ጸሐፍት ሲሆኑ፥ ከእነርሱ ዋነኛው በ845 ዓ.ም. የሞተው ኢብን ሰዕድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ዛሬ ወደ መካ የሚጓዝ መንገደኛ በባሕርም ሆነ በአውሮፕላን ቢመጣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚደርሰው ጅዳ ነው፤ ከጅዳ እስከ መካ ያለው መንገድም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በበረካ ዘመን ግን የመካ ወደብ ከጅዳ በስተ ደቡብ የሚገኘው ሹዐይባ ነበረ። ጅዳ የመካ ወደብ እንዲሆን ያዘዘው ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ሲሆን፥ ይህም የሆነው በ647 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ባሕር ዳርና በኢትዮጵያ ጠረፍ መካከል የነጋዴ መርከብ ይመላለስ ነበር። ከሸቀጡም ጋር ሰው ይሸጥና ይለወጥ ስለ ነበር፥ በመካ ቤቶች ውስጥ የሐበሻ ተወላጆች የሆኑ ብዙ ባሪያዎች ይገኙ ነበር። በረካም ከእነዚህ አንዲቱ ነበረች። ጌታዋ የቍረይሽ ነገድ አለቃ የነበረው የዐብዱል ሙጠሊብ ልጅ ዐብደላህ ነው።

ዐብደላህ አሚና የምትባል ሴት ካገባ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ለንግድ ወደ ጋዛ ሄደ። በ570 ዓ.ም. ገደማ ሲመለስም ኋላ መዲና በተባለችው በያስሪብ ከተማ ታመመ። የነጋዴው ጓድ መንገዱን መቀጠል ነበረበትና እርሱን በዘመዶቹ ቤት ትቶት ወደ መካ ሄደ። ዐብደላህ አንድ ወር ያህል ታሞ በ25 ዓመቱ ሞተ። አባቱ የሕመሙን ወሬ ሰምቶ ታላቅ ልጁን ቢልክም፥ መልእክተኛው የደረሰው ወንድሙ ከተቀበረ በኋላ ነበረ። ዐብደላህ ለወራሹ የተወው ሀብት 5 ግመሎች፥ ጥቂት በጎችና ባሪያዪቱ በረካ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ታሪክ በረካን መጀመሪያ የሚያነሣት በውርስ ዝርዝር ውስጥ ከከብት ጋር ተቈጥራ ነው። ወራሹም ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተወለደው ሕፃን፥ ኋላ ነቢዩ መሐመድ የተባሉት ናቸው።

ሕፃኑ 6 ዓመት ሲሆነው፥ ይኸውም በ576 ዓ.ም. ገደማ፥ እናቱ አሚና የአባቱን ዘመዶች ልታሳየው ወደ ያስሪብ ይዛው ሄደች። በረካም በሁለት ግመሎች አብራቸው ተጓዘች፤ በዚያም አንድ ወር ተቀመጡ። ወደ መካ ሲመለሱ ግን አሚና አብዋእ በተባለ ስፍራ በመንገድ ላይ ታመመች። አብዋእ ዛሬ ከጅዳ በስተ ሰሜን በራቢግ አገር የሚገኝ ነው። ከኋላ የቀረችው ያስሪብም፥ ከፊት ያለችው መካም ሩቅ ነበሩ። አሚና ከዚያ ስፍራ አልተነሣችም፤ በዚያው ሞታ ተቀበረች። ጸሐፍት በዚያች ሰዓት ከአጠገቧ እንደ ነበሩ የሚጠሯቸው በረካንና የ6 ዓመቱን ሕፃን ነው።

የዐብደላህ ሞትና የአሚና ሞት እዚህ ላይ ይለያያሉ። ዐብደላህ ሲታመም ጓዱ መንገዱን ቀጠለ፤ ወንድሙም ዘግይቶ ደረሰ። አሚና ስትታመም ግን በረካ አብራት ቆየች። በዚያ በረሓ ሕመሙን የምትመልስበት መድኃኒት አልነበራትም። የነበራት ነገር ቢኖር አለመሄድ ነበረ። ከቀብሩ በኋላም ሥራዋ አላለቀም፤ አባቱንም እናቱንም ያጣውን ሕፃን በግመል አስቀምጣ ያን ሁሉ መንገድ ወደ መካ መለሰችው፥ ለአያቱም ለዐብዱል ሙጠሊብ አስረከበችው። የአስታማሚ ሥራ ሟቹ ሲያሸልብ የሚያበቃ የሚመስለው ሰው ከዚህ መንገድ ይማራል፤ ሟች የሚሄድበትን ሲሄድ ኀዘንተኛው በአስታማሚው እጅ ይቀራልና።

ዐብዱል ሙጠሊብ የልጅ ልጁን አጥብቆ ይወድ ነበር፤ በረካንም ከሕፃኑ ዐይኗን እንዳትነቅል አደራ ይሏት ነበር። ነገር ግን እርሳቸውም የዕድሜ ባለጸጋ ስለ ነበሩ፥ ልጁ 8 ዓመት ሲሆነው አረፉ። ብላቴናው ከአያቱ አስክሬን ኋላ ሆኖ እያለቀሰ ሲሄድ የተመለከተችው በረካ ናት፤ ታሪኩም እስከ ዛሬ የደረሰው እርሷ ስለ ተናገረችው ነው። በዚያ ቀን መካ የምትመለከተው የአለቃዋን የቀብር ሥነ ሥርዐት ነበረ፤ በረካ ግን የምትመለከተው በሦስተኛ ሞት የተመታውን ልጅ ነበረ። ከሟቹ ቤተሰብ መካከል ማን ብቻውን እንደ ቀረ መለየት የአስታማሚ ዐይን ነው።

ብላቴናው አድገው በ595 ዓ.ም. ገደማ ባለጸጋዪቱን ኸዲጃን ባገቡ ጊዜ በረካን ከባርነት ነጻ አወጧት። እርሷም ከያስሪብ ወገን የሆነ ዑበይድ የተባለ ሰው አግብታ አይመንን ወለደች። ከዚያም በኋላ፥ ነቢዩ መሐመድ ከገነት ሴቶች እንደ አንዲቱ ቈጥረው ስላመሰገኗት፥ የሐሪሳ ልጅ ዘይድ አገባትና ኡሳማን ወለደችለት። ነጻ ከወጣች በኋላም ካሳደገችው ሰው ቤት አልራቀችም። ነቢዩ መሐመድም ከእናታቸው ቀጥላ እንደ እናት የምትቈጠር፥ ከቤተሰባቸውም የቀረች መሆኗን በሰው ፊት ይመሰክሩላት ነበር። የዐረብኛ ድምፅ ለምላሷ ይከብዳት ስለ ነበር የሰላምታው ቃል ሲጣመምባት፥ ሰላም የሚለውን ብቻ እንድትል እንደ ፈቀዱላት ተጽፏል። አንድ ቀንም ሊጠይቋት ሄደው የምትጠጣውን ስታቀርብላቸው ሳይጠጡ ቢቀሩ፥ እናት ልጇን እንደምትቈጣ ተቈጥታቸዋለች።

በ615 ዓ.ም. በመካ ስደት በበዛ ጊዜ፥ ከነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ጥቂቶቹ ባሕሩን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ። ዐረቦች ነጃሺ የሚሉት የአክሱም ክርስቲያን ንጉሥም ተቀብሎ አስጠለላቸው፤ ከእነዚህም ስደተኞች መካከል የዑመይስ ልጅ አስማእ የምትባል ሴት ነበረች። የእርሷ ስም ከሞት አልጋ ጋር ተያይዞ ኋላ ይነሣል። በረካ ደግሞ ነቢዩ መሐመድ በ622 ዓ.ም. ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ መካን ለቃ ወደዚያው ሄደች። በጾምና በውኃ ጥም በእግሯ ተጕዛ ስትደክም የምትጠጣው ውኃ ከሰማይ እንደ ወረደላት የሚናገር ትውፊት አለ። ይህ ትውፊት ስለ በረካ ሲነገር የሚገባ ነው፤ ሌላውን ስታጠጣ የኖረች ሴት ናትና።

በ625 ዓ.ም. በኡሑድ ተራራ ሥር ጦርነት በሆነ ጊዜ በረካ ዕድሜዋ የገፋ ነበረ። ነገር ግን ወደ ጦሩ ሜዳ ወጥታ ቍስለኞችን ውኃ ታጠጣና ታስታምም ነበር። ሠራዊቱ ተፈትቶ ሲሸሽ ባየች ጊዜ በሸሺዎቹ ፊት አፈር በትና፥ ሰይፋቸውን ለሴቶች ሰጥተው እንዝርት እንዲይዙ እንደ ዘለፈቻቸው ይተረካል። በኸይበር ዘመቻም በ628 ዓ.ም. ተገኝታለች። በዚያው ዘመን ሩፈይዳ የተባለች ሴት በመዲና መስጊድ አጠገብ ድንኳን ተክላ ቍስለኞችን ታክም ነበር። የሩፈይዳ ስም ስለ ሕክምናዋ ይጠራል፤ የበረካ ግን ሕክምና ካበቃበት ስፍራም ስላልጠፋች ነው።

ስለ በረካ ከተጻፉት ሁሉ ለአስታማሚ ይልቅ የሚጠቅመው አንድ ታሪክ አለ። ከነቢዩ መሐመድ ቤተሰብ አንዲት ትንሽ ልጅ ታማ ለመሞት ታጣጥር ነበር። እርሳቸው ሕፃኒቱን አንሥተው ከደረታቸው ላይ አስጠጓት፤ በዚያውም ሞተች። በረካ ይህን አይታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። በፊታቸው እንዲህ ስለ ማልቀሷ በጠየቋት ጊዜ፥ እርሳቸው ራሳቸው እንባ ሲያፈሱ እያየች እንዴት ልትተው እንደምትችል መለሰች። እርሳቸውም በዐይናቸው የታየው እንባ ተስፋ የመቍረጥ ልቅሶ ሳይሆን የርኅራኄ ምልክት መሆኑን አስረዷት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ይገኛል። ሕፃኒቱ የሞተችው በመኝታ ላይ ብቻዋን ሳይሆን በሰው ደረት ላይ ነው፤ ያስታመሟትም ሰዎች ኀዘናቸውን አልደበቁም። በሟች አጠገብ የሚቆም ሰው ድንጋይ ይሁን የሚል ሕግ የለም። ከአስታማሚ የሚፈለገው እያለቀሰም ቢሆን እጁን ከሕመምተኛው ላይ አለማንሣት ነው።

በረካ ራሷም ኀዘንን ከሌላ ቤት ብቻ የምታውቅ አልነበረችም። ባሏ ዘይድ በ629 ዓ.ም. በሙእታ ጦርነት ተገደለ፤ በኵር ልጇ አይመን ደግሞ በማግሥቱ ዓመት በሑነይን ወደቀ። ነገር ግን በዚያው ዘመን የነቢዩ መሐመድ ታላቂቱ ልጅ ዘይነብ በሞተች ጊዜ፥ አስክሬኗን ካጠቡት ሴቶች መካከል በረካ ትቈጠራለች። አስክሬን ማጠብና መገነዝ በኢትዮጵያም ቢሆን ለቅርብ ሰው የሚተው የመጨረሻ አገልግሎት ነው።

በ632 ዓ.ም. ነቢዩ መሐመድ በጸና ታመሙ። በዚያ ጊዜ የበረካ ልጅ ኡሳማ ገና ወጣት ሳለ የጦር አለቃ ተደርጎ ሠራዊቱን ከመዲና ውጭ በጁርፍ አስፍሮ ለመነሣት ይሰናዳ ነበር። በረካ ሕመሙ የሞት ሕመም መሆኑን ተረድታ፥ ብዙ ሞት ያየ ዐይን አይስትምና፥ ለልጇ መልእክተኛ ላከችበት። ኡሳማም ጉዞውን ትቶ ወዲያው ተመለሰ። ከ60 ዓመት በፊት የዐብደላህ ወንድም የደረሰው ከቀብር በኋላ ነበረ፤ የበረካ ልጅ ግን ሳይረፍድ ደረሰ። እውነቱን በጊዜው የነገረው ሰው ስለ ነበረ ነው።

ነቢዩ መሐመድ ካረፉ በኋላ፥ የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክርና ከእርሱ በኋላ የነገሠው ዑመር፥ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ እንደሚያደርጉት ሁሉ በረካን ለመጠየቅ ወደ ቤቷ ሄዱ። ባየቻቸው ጊዜ አለቀሰች። ሟቹ ወደሚሻለው ስፍራ መሄዳቸውን ነግረው ሊያጽናኗት ቢሞክሩ፥ የምታለቅሰው ይህን ሳታውቅ ቀርታ ሳይሆን ከሰማይ ይመጣ የነበረው ቃል ስለ ተቋረጠ መሆኑን አስረዳቻቸው። ሊያጽናኗት የመጡትም ተቀምጠው አብረዋት አለቀሱ። እነርሱ አለቆች፥ እርሷ ቀድሞ ባሪያ የነበረች አሮጊት ነበረች፤ ነገር ግን የማጽናኛ ቃል አልሠራ ባለ ጊዜ አብሮ ማልቀስ ሠራ።

በዚያው ዓመት የነቢዩ መሐመድ ልጅ ፋጢማም ታመመች፤ እንደማትድንም ዐወቀች። የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ነበረ፤ የሴት አስክሬን በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ሲወሰድ የሰውነት ቅርፅ ለተመልካች ስለሚታይ ይህ በእርሷ እንዳይደረግ ትፈራ ነበር። በኢትዮጵያ በስደት የኖረችው አስማእ ይህን ሰምታ፥ በሐበሻ ምድር ያየችውን የአስክሬን መሸፈኛ እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አጕብጣ፥ በላዩም ጨርቅ ጥላ አሳየቻት። ፋጢማም ደስ አላት፤ በሞተችም ጊዜ በዚሁ ዐይነት ተሸፍና ተወሰደች። ከኢትዮጵያ የሄደው ይህ ትንሽ ብልሃት ለአንዲት ሟች የመጨረሻ ጭንቀቷን አቀለለላት። አስማእ ፍርሃቱን እንደ ከንቱ ነገር አላቃለለችም፤ አዳምጣ መላ ፈለገችለት እንጂ።

በረካ የሞተችበትን ጊዜ ጸሐፍት በሁለት ወገን ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ነቢዩ መሐመድ ካረፉ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው ሲሉ፥ ሌሎቹ በ644 ዓ.ም. ዑመር ሲገደል በሕይወት እንደ ነበረችና በዑስማን ዘመን መጀመሪያ እንዳረፈች ይናገራሉ። ከከብት ጋር በውርስ የተቈጠረችው ሴት በእናትነት ማዕርግ ተከብራ ሞተች።

በረካ በልማድና በፍቅር ያደረገችው ሥራ በሌላውም ዓለም የራሱ ታሪክ አለው። ሆስፒስ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረቱ እንግዳ መቀበል ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ገዳማት ተሳላሚዎችንና መንገደኞችን የሚያሳድሩበት ቤት ነበራቸው፤ በመንገድ የታመመ ተሳላሚ ቢመጣ በዚያው ይተኛል፥ ባይድንም በዚያው ይሞታል። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ ለድኾች፥ ለእንግዶችና ለድውያን የሠራው ትልቅ ቤት የዚህ ዐይነት ሥራ ከሚታወሱት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ነው። በ1879 ዓ.ም. በአየርላንድ በዱብሊን ከተማ መነኮሳይያት ለሚሞቱ ሰዎች ቤት ከፈቱ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ አስቀድማ አስታማሚ ነርስ፥ ኋላም ሐኪም የሆነችው ሲስሊ ሳንደርስ በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ መሠረተች። የዛሬው ሞያ ሥርዐቱን ያገኘው ከዚህ ነው።

የሳንደርስ ትምህርት የሚሞት ሰው ሕመም አራት ገጽ እንዳለው ያስረዳል። የሥጋ ሕመም አለ፤ የአሳብ ሕመም አለ፤ ስለ ቤተሰብና ስለ ኑሮ መጨነቅ አለ፤ የነፍስም ሕመም አለ። ስለዚህ ሐኪሙ፥ ነርሷ፥ የቤተሰቡን ችግር የሚከታተለው ሠራተኛና የሃይማኖት አባት አንድ ሆነው ይሠራሉ። ለሥጋ ሕመም፥ በ1986 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የሦስት ደረጃ መመሪያ መሠረት፥ ከቀላል ማስታገሻ ተነሥቶ ሕመሙ ሲጸና እስከ ሞርፊን ይደረሳል። ሞርፊኑም ሕመሙ ተመልሶ እስኪያሠቃይ ሳይጠበቅ በተወሰነ ሰዓት በአፍ ይሰጣል። የተደረቀ ከንፈር ይረጥባል፤ በመተኛት ብዛት ገላው እንዳይቈስል ሕመምተኛው ይገላበጣል፤ መብላት ባልቻለ ጊዜም በግድ እንዲበላ አይጨነቅም። ሆስፒስ ሞትን አያፋጥንም፥ በከንቱ ሥቃይም አያራዝመውም። ከሞቱ በኋላ ደግሞ ኀዘንተኞቹ ይጐበኛሉ፤ ከአብዋእ የተመለሰው ሕፃን ያስፈለገው ነገር ለኀዘንተኛ ሁሉ ያስፈልጋልና።

በኢትዮጵያ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄደ መርዳት ጀመረ። በሳዑዲ ዐረቢያም ይህ አገልግሎት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሪያድ በንጉሥ ፋይሰል ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ጅዳና ወደ ሌሎች ከተሞች ደርሷል። በመካም በሐጅ ወራት በሆስፒታል የተኙ ሐጃጆችን ከነአልጋቸው በአምቡላንስ ወደ ዐረፋት ማድረስ የተለመደ ነው። ለማይድነው ሐጃጅ ይህ ጉዞ ጤናውን አይመልስለትም፤ ነገር ግን አገሩን ጥሎ የመጣበትን ጉዳይ ሳይፈጽም እንዳይሞት ያደርገዋል።

በጅዳና በመካ ቤቶች ውስጥ ዛሬም ቀይ ባሕርን ተሻግረው የሄዱ ብዙ የኢትዮጵያ ሴቶች የሰው አረጋውያንንና አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማንን ያስታምማሉ። የራሳቸው እናት በአገር ቤት ስትታመም ግን አጠገቧ ሊሆኑ አይችሉም። ስማቸው በመጽሐፍ አይጻፍ ይሆናል፤ ሥራቸው ግን በረካ በዚያው ምድር የሠራችው ነው።

ከገዳም ትምህርት ቤት የሚወጣ ተማሪ ነገ ካህን ሆኖ ወደ ሕመምተኛ ቤት ይጠራል። ብዙ ቤተሰብ የሕመሙን እውነት ከሕመምተኛው ይሸሽጋል፤ ካህን መጥራት ሞትን መጥራት መስሎት ስለሚታየውም ንስሐ አባቱን የሚጠራው አንደበት ከተዘጋ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ኑዛዜ ሳይሰማ፥ የተጣላ ሳይታረቅ፥ የሩቅ ልጅ ሳይደርስ ይቀራል። አንዳንዱም ሥቃይ ኃጢአትን ያጥባል በሚል አሳብ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትን ይከለክላል። ነገር ግን በሥቃይ የሚጮኽ ሰው መጸለይም መናዘዝም ይሳነዋል፤ ሕመሙ ሲታገሥለት ግን ልቡ ይመለስለታል። ጸሎትና መድኃኒት በአንድ አልጋ አጠገብ ሊቆሙ ይችላሉ። ካህኑ በጊዜ ከመጣ፥ መጥቶም ቶሎ ካልሄደ፥ መጽሐፉን ዘግቶ ጥቂት ከተቀመጠና ሕመምተኛው የሚፈራውን ካዳመጠ፥ መምጣቱ የሞት መርዶ መሆኑ ይቀራል።

የታመመን መጠየቅ በወንጌል ከሚፈረድባቸው ሥራዎች አንዱ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የበረካ ሕይወት ይህን ሥራ በዘመን ርዝመት ያሳያል። የሃይማኖቷ መንገድ የእስልምና ነው፤ የሠራችው ሥራ ግን ሞት በደረሰበት ቤት ሁሉ የሚፈለግ ነው። በአብዋእ በረሓ አሚናን ልታድናት አልቻለችም፤ ብቻዋን እንዳትሞት ግን አደረገች፤ ልጇንም ወደ ቤቱ አደረሰች።